ምስሉ ያለ ታሪኩ

(የመርሳት በሽታን ለመለየት ስለሚያግዘው የአንጎል ምስል ምርመራ፣ ቀየት ላይ የቀረበ ዲስኩር)

  

የግብዣችሁ ወረቀት አንድ ጥያቄ ይዟል። የሽማግሌዎቻችን መርሳት በጭንቅላት ፎቶ ይታወቃል ወይ? ይታወቃል ከተባለስ በጉን ሸጠን እናስነሳቸው ወይ? የሚል ነው። ቀጥተኛ ጥያቄ ስለሆነ መልሱንም ሳላጓትት እናገራለሁ። ራዲዮሎጂስት ነኝ። ሥራዬ በሲቲ ስካንና በኤምአርአይ የተነሳ ምስል ፊት ተቀምጦ ማንበብ፣ ያየሁትንም ለሐኪሙ ጽፎ መላክ ነው።

መልሴ ይህ ነው። ምስሉ ብቻውን «ይህ ሰው የመርሳት በሽታ አለበት» ብሎ አይፈርድም። የቤተሰቡ ታሪክ ሲጨመርበት ግን፣ ሊድን የሚችለውን ሕመም ከማይድነው ለይቶ ያወጣል። ይህን ሐሳብ ዛሬ ደጋግሜ አነሳዋለሁ፤ ሌላው ቢቀር እሱን ይዛችሁ እንድትገቡ እፈልጋለሁ።

ንግግሬን በዚህ መልክ አስኬደዋለሁ። መጀመሪያ ስለ በሽታው ጥቂት እላለሁ። ቀጥሎ ሰው በሕይወት እያለ የጭንቅላቱ ውስጥ መታየት የጀመረበትን ታሪክ አነሳለሁ። ከዚያ ዋናው ጉዳይ ይመጣል፤ ምስሉ ምን ያገኛል፣ ምን አያገኝም። በመጨረሻም እናንተ ከቤት ስትነሱና ምርመራው ቦታ ስትደርሱ ማድረግ የሚገባችሁን እናገራለሁ።

ወደ አንደኛው ነጥብ ልግባ።

ሰው ሲሸመግል መርሳቱ ያለ ነው። የጎረቤት ልጅ ስም ይጠፋበታል፤ ቆይቶ ትዝ ይለዋል። መቁጠሪያውን የት እንዳኖረው ይረሳል፤ ፈልጎ ያገኘዋል። ይህ ከዕድሜ ጋር የሚመጣ ነውና አያስደነግጥም። በሽታው መልኩ ሌላ ነው። ዕድሜ ልካቸውን የበግ ፀጉር ፈትለው ባና ያሠሩ እናት፣ እንዝርቱን በእጃቸው ይዘው ምን ሊያደርጉበት እንደነበር ግራ ሲገባቸው፣ ያ ከእርጅና ያለፈ ነው። ሚካኤል በ12፣ ማርያም በ21፣ መድኃኔዓለም በ27 መሆኑን ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲያከብሩ የኖሩ አባት «ዛሬ የማን ቀን ነው?» ብለው ጠይቀው፣ ተነግሯቸው፣ ውኃ ሳይጠጡ መልሰው ሲጠይቁ፤ የማኅበር ተራዋን አሳልፋ የማታውቅ ሴት ጽዋው እሷ ቤት መሆኑን ጭራሽ ስትስት፤ በጎቹን አንድ በአንድ ለይቶ የሚያውቅ እረኛ የራሱን መንጋ ከሰው መንጋ መለየት ሲያቅተው፤ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤቱ የሚወስደው የለመደው መንገድ ሲጠፋበት፤ ይህን ሁሉ «ጃጅተዋል» ብለን ከዘጋነው እንበድላለን። ሰው የኖረበትን ሥራና ልማድ ሲስት አንጎሉ ታሟል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ለወጣት የጤና ባለሙያዎቻችን አንድ ነገር ላንሳ። ትምህርት ቤት የተማራችኋቸው የማስታወስ መፈተኛ ጥያቄዎች አብዛኞቹ የተዘጋጁት ፊደል ለቆጠረ ሰው ነው። ከመቶ ላይ ሰባት ሰባት እየቀነሱ ቁጠሩ፣ ይህን ሥዕል አስመስላችሁ ሣሉ ይላሉ። እርሳስ ጨብጠው የማያውቁ እናት ይህን ቢያቅታቸው ታመዋል ማለት አይቻልም። ስለ ወር በዓላቱ፣ ስለ ጾሙ መግቢያ፣ ስለ ልጆቻቸው ቅደም ተከተል፣ ባለፈው ገበያ ምን እንደሸጡ ጠይቋቸው። የዚህ አገር ሰው አእምሮ የሚመረመረው በዚህ አገር ኑሮ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች ከመርሳት በሽታ ጋር ይኖሩ ነበር፤ ከእነሱም ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት እንደኛ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው። የበሽታው ዓይነት ብዙ ነው። ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነውን የሚይዘው አልዛይመር የሚባለው ነው። ሌላው ትልቁ ደግሞ የአንጎል ደም ሥሮች በመዘጋታቸው ወይም በመጎዳታቸው የሚመጣው ነው። እነዚህን ሁለቱን ያዙልኝ፤ ቆይቼ እመለስባቸዋለሁ።

ሁለተኛው ነጥቤ ታሪኩ ነው።

አሎይስ አልዛይመር ጀርመናዊ ሐኪም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1901 ፍራንክፈርት ውስጥ አንዲት የ51 ዓመት ሴት ወደ እሱ ሆስፒታል ገባች። ነገሮች ይጠፉባታል፣ ባሏን ትጠረጥራለች፣ የራሷን ስም መጻፍ ጀምራ መሐል ላይ ትስታለች። አልዛይመር ጠይቆ፣ ጽፎ፣ ተከታትሎ፣ ያን ሁሉ አድርጎ በአንጎሏ ውስጥ ምን እንዳለ ግን ሊያይ አልቻለም። እስክትሞት መጠበቅ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1906 ዐረፈች፤ አንጎሏን በማይክሮስኮፕ መርምሮ ያገኘውን ባዕድ ክምችትና የነርቭ ሴሎቹን መወሳሰብ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ለጉባኤ አቀረበ። የበሽታው ስም የመጣው ከእሱ ነው።

በዚያው ዘመን እኛም አገር ትልቅ ሕመም ነበር። ከዚህ ብዙም ሳይርቅ፣ አንጎለላ ላይ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. የተወለዱት ዳግማዊ ምኒልክ በመጨረሻ ዘመናቸው ታመሙ። በ1902 ዓ.ም. መጀመሪያ የመታቸው ከባድ ስትሮክ ሰውነታቸውን ሽባ አደረገው፣ አንደበታቸውንም ያዘው። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ አራት ዓመት ያህል አልጋ ላይ ቆዩ። አገር በጭንቀት ተያዘ። ተመርዘዋል የሚል ወሬም ተነሥቶ ነበር። ከውጭ የመጡ ሐኪሞች አጠገባቸው ነበሩ፤ ግን የንጉሠ ነገሥቱ የራስ ቅል ውስጥ ደም ፈሶ ይሁን ደም ሥር ተዘግቶ የሚያዩበት አንዳች መሣሪያ አልነበራቸውም። በዚያ ጊዜ በዓለም ላይ ማንም አልነበረውም። ራጅ እ.ኤ.አ. በ1895 ተገኝቷል፤ ነገር ግን ራጅ አጥንቱን እንጂ በአጥንቱ ውስጥ ያለውን ለስላሳ አንጎል አያሳይም።

ይህ የተለወጠው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 1971 ነው። ለንደን ውስጥ አትኪንሰን ሞርሊ በሚባል ሆስፒታል፣ የአንጎል እጢ አለባት ተብላ የተጠረጠረች አንዲት ሴት ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ የሚባል መሐንዲስ የሠራው መሣሪያ ውስጥ ጭንቅላቷን አስገብታ ተኛች። መሣሪያው ራጁን ከብዙ አቅጣጫ እየላከ፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ እያሰላ የአንጎሏን ምስል አወጣ። ድፎ ዳቦ ተቆርሶ የእያንዳንዱ ቁራሽ ውስጥ እንደሚታየው፣ ሲቲ ስካን ጭንቅላቱን ሳይነካ ቁራጭ በቁራጭ ያሳያል። የስሌቱን መሠረት ለብቻው ያገኘው ሌላው ሰው አለን ኮርማክ ደቡብ አፍሪካዊ ነበር፤ ሐሳቡም የመጣለት እ.ኤ.አ. በ1956 ኬፕታውን ውስጥ አንድ ሆስፒታል ሲሠራ ነው። ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ1979 የኖቤል ሽልማት ተጋሩ። ይህ ዕውቀት አፍሪካ ላይ በቅሎ እኛ ዘንድ እስኪደርስ ስንት ዘመን እንደፈጀ ሳስብ ያንገበግበኛል።

ከዚያ ኤምአርአይ መጣ፤ ጨረር ሳይሆን ኃይለኛ ማግኔት የሚጠቀም፣ አንጎሉን የበለጠ አጥርቶ የሚያሳይ መሣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ አልዛይመር በማይክሮስኮፕ ያየውን ያንን ባዕድ ክምችት በሕያው ሰው አንጎል ውስጥ የሚያሳይ የፔት ምስል ውጤት ታተመ። ፔት ውድ ነው፤ ጥቂት ሰዓት ብቻ የሚቆይ ጨረር አመንጪ መድኃኒት ይፈልጋል፤ ለዚህ አካባቢ ሰው ሩቅ ነው። ስለዚህ ዛሬ አላቆይበትም። የኛ ጉዳይ ሲቲ ስካን ነው፤ ቀጥሎም ኤምአርአይ።

ሦስተኛው ነጥብ ዋናው ነው። ምስሉ ምን ያገኛል?

አንድ አባት እናስብ። 72 ዓመታቸው ነው። በክረምት ማለዳ ከደጅ ሲወጡ ድንጋዩ አዳልጧቸው ወደቁ፤ ግንባራቸው ግንቡን ነካ። ትንሽ አበጠ፣ ቅቤ ተቀባ፣ በሦስተኛው ቀን ዳነ፤ ተረሳ። ወር አለፈ፣ ሁለት ወር ሊሆን ነው። ሽማግሌው ዝም ማለት ጀመሩ። ቀን ይተኛሉ። ራሴን ያመኛል ይላሉ። የልጃቸውን ስም በወንድማቸው ስም ይጠራሉ። ሲራመዱ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላሉ። ቤተሰቡ ጃጁ አለ። አንዱ ዛር ነው አለ፣ አንዱ ዓይነ ጥላ ነው አለ።

በጭንቅላታቸው ውስጥ የሆነው ግን ይህ ነው። በዕድሜ አንጎል ትንሽ ስለሚሟሽሽ ከራስ ቅሉ ጋር የሚያያይዙት ደም ሥሮች ይወጠራሉ። በዚያች ትንሽ መመታት አንዱ ሥር ተሰነጠቀ። ደሙ በአንድ ጊዜ አልፈሰሰም፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያንጠባጠበ በራስ ቅሉና በአንጎሉ መካከል ተጠራቀመ፣ አንጎሉንም እየገፋ ሄደ። በሲቲ ስካን ላይ ከአንጎሉ ውጭ የተጋደመ ጠማማ ጥላ ሆኖ ይታያል፤ የአንጎሉ መሐል መስመርም ከቦታው ተገፍቶ ይታያል። እንዲህ ያለ ምስል ፊቴ ሲመጣ ስልክ አንሥቼ ሐኪሙን እጠራለሁ፤ ምክንያቱም የነርቭ ቀዶ ሐኪም በራስ ቅሉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ከፍቶ ያንን አሮጌ ደም ሲያፈሰው፣ ብዙዎቹ ሕመምተኞች ወደ ራሳቸው ይመለሳሉ። ዛር የተባሉት አባት ልጃቸውን በስሙ ይጠራሉ።

ለዚህ ነው ታሪኩ የሚያስፈልገው። «ወድቀው ነበር ወይ?» የሚለውን ጥያቄ የሚመልሰው ቤተሰብ ነው። በደጋ ድንጋይ ላይ የሚኖር፣ በበቅሎ የሚሄድ፣ በበዓል ቀን ዱላ የሚነሣበት አገር ሰው ራሱን መመታቱ የተለመደ ነው። ከሁለት ወር በፊት የሆነውን ውድቀት ያስታወሰ አንድ ልጅ አባቱን ሊያድን ይችላል።

ሁለተኛው ሊታከም የሚችል ነገር በአንጎል ውስጥ ያለው ውኃ መብዛት ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ሳሎሞን ሃኪም የሚባል ኮሎምቢያዊ ሐኪም ከአንድ አሜሪካዊ ባልደረባው ጋር በደንብ ገለጸው። ሦስት ምልክቶች አሉት። እግራቸው መሬት ላይ የተጣበቀ ይመስል አጭር አጭር እርምጃ ይራመዳሉ፤ ሽንታቸው ያመልጣቸዋል፤ ይረሳሉ። ብዙ ጊዜ አካሄዱ ከመርሳቱ ቀድሞ ይበላሻል። በምስሉ ላይ የአንጎሉ የውኃ ክፍሎች ሰፍተው ይታያሉ። ውኃውን ወደ ሆድ የሚያወርድ ቀጭን ቱቦ በቀዶ ሕክምና ሲገባላቸው፣ በተለይ አካሄዳቸው የሚሻላቸው አሉ። ሽንት ማምለጡ ነውር ሆኖ ስለሚታይ ቤተሰብ ይደብቀዋል። እባካችሁ አትደብቁት፤ ለሐኪሙ ንገሩት።

ሦስተኛው እጢ ነው። አንዳንዱ የአንጎል እጢ ካንሰር ያልሆነና በዝግታ የሚያድግ ሲሆን፣ ፊት ለፊት ባለው የአንጎል ክፍል ላይ ከተቀመጠ ጠባይን ይለውጣል። ረጋ ያለች ሴት ተሳዳቢ ትሆናለች፤ አስተዋይ የነበረ ሰው ግዴለሽ ይሆናል። ከዚህም ጋር በሳንባ ነቀርሳ ወይም በኤችአይቪ ምክንያት በአንጎል ውስጥ የሚፈጠሩ ቁስለቶች በምስል ይገኛሉ፤ መድኃኒትም አላቸው።

አራተኛው ስትሮክ ነው። ቅድም ያዙልኝ ካልኳችሁ ከሁለቱ አንዱ ይኸው ነው። የደም ግፊት ለዓመታት ሳይታወቅ ሲቆይ የአንጎልን ትንንሽ ደም ሥሮች ያበላሻል። አንድ ትልቅ ስትሮክ ሳይሆን ብዙ ትንንሽ ስትሮኮች፣ አንዳንዶቹ ሰውየው ራሱ ሳያውቃቸው ያለፉ፣ እየተደማመሩ አእምሮን ያዳክማሉ። ምልክቱ ብዙ ጊዜ ደረጃ በደረጃ የሚወርድ ነው፤ ደህና ቆይቶ በድንገት ይብሳል፣ ደግሞ ይረጋል፣ ደግሞ ይብሳል። በምስሉ ላይ የድሮዎቹ ጠባሳዎች ይታያሉ። የሞተው የአንጎል ክፍል አይመለስም፤ የቀጣዩን መምጣት ግን የደም ግፊቱን በመቆጣጠር ማዘግየት ይቻላል። የደም ግፊት መድኃኒት ጤና ጣቢያ ይገኛል።

አሁን ደግሞ ምስሉ የማያገኘውን ልናገር፤ ይህንን ሳልናገር ብወርድ ግማሹን አስቀርቼባችሁ እሄዳለሁ።

አልዛይመር የሚባለው፣ ከሁለቱ የቀረው፣ በሲቲ ስካን ላይ በግልጽ የሚነበብ አይደለም። በጆሮ አቅጣጫ ውስጥ ሂፖካምፐስ የሚባል፣ አዲስ ነገር የምንይዝበት የአንጎል ክፍል አለ። በበሽታው ያ ክፍል ይሟሽሻል፤ በተለይ በኤምአርአይ ሊለካ ይችላል። ችግሩ በመጀመሪያው ጊዜ ምስሉ ደህና መስሎ ሊታይ መቻሉ ነው። ሌላው ችግር ደግሞ የሁሉም ሽማግሌ አንጎል በመጠኑ መሟሸሹ ነው። እኔ በምስሉ ላይ «ከዕድሜ ጋር የሚሄድ መሟሸሽ» ብዬ ስጽፍ፣ ቤተሰብ «አንጎላቸው አልቋል ተባለ» ብሎ እያለቀሰ ይወጣል። አልቋል አላልኩም። ሰማንያ ዓመት የሞላው አንጎል ነው ማለቴ ነው።

አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1986 የተጀመረ፣ 678 ካቶሊካውያን መነኮሳት አንጎላቸውን ከሞት በኋላ ለምርምር ለመስጠት ፈቅደው የገቡበት ጥናት አለ። ከእነሱ አንዷ፣ ሲስተር ሜሪ ተብላ የምትጠራው፣ 101 ዓመት ኖራ እስከ መጨረሻው አእምሮዋ ንቁ ነበር። ስትሞት አንጎሏ ሲመረመር የአልዛይመር ምልክት ሞልቶበት ተገኘ። ምልክቱ አለ፤ በሽታው ግን በኑሮዋ ላይ አልታየም። እንግዲህ እኔ ምስል አንባቢው ስለ እንዲህ ያለች ሴት የፔት ምስሏን ብቻ አይቼ ብፈርድ ኖሮ ምን እል ነበር? ታማለች እል ነበር። አብረዋት የሚኖሩት እህቶች ግን ሥራዋን፣ ጸሎቷን፣ ንግግሯን ስለሚያዩ ደህና መሆኗን ያውቃሉ። ለዚህ ነው ምስሉ ያለ ታሪኩ አይበቃም የምለው።

ሌላም በምስል የማይታይ አለ። የታይሮይድ እጢ ሥራ መቀነስ ሰውን ያደነዝዛል፣ ያስረሳል። እንቅርት በብዛት በሚታይበት ደጋ ይህ ሊዘነጋ አይገባም። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ቂጥኝ፣ ኤችአይቪ፣ የስኳር መውረድ፤ እነዚህ በደም ምርመራ የሚገኙ ናቸው። ድባቴም አለ፤ ልጅ የሞተበት፣ ትዳሩን ያጣ፣ ቤቱ ጭር ያለበት ሽማግሌ አእምሮው የጠፋ ሊመስል ይችላል። ጆሮው ያልሰማ፣ ዓይኑ በሞራ የተጋረደ ሰውም «አይገባውም» ይባላል። ይህ ሁሉ መጀመሪያ ሳይጣራ ወደ ማሽን መሮጥ ገንዘብን ማባከን ነው።

ያለ ማሽን ብዙ መሥራት እንደሚቻል ያሳዩን ከራሳችን ሰዎች አሉ። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት፣ የነርቭ ሐኪም፣ ጓያ ስለሚያስከትለው የእግር ሽባነት ባደረጉት ምርምር ይህ አዳራሽ ያውቃቸው ይሆናል፤ ጓያ እዚህም ይበላልና። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ እሳቸውና ባልደረቦቻቸው መስቃንና ማረቆ ውስጥ የሰለጠኑ ጠያቂዎችን ከቤት ወደ ቤት ልከው፣ በጥያቄ ብቻ የተጠረጠሩትን ከለዩ በኋላ በሐኪም አስመርምረው የነርቭ ሕመሞችን አግኝተዋል። መጀመሪያ የሄደው ጥያቄ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን፣ እናንተ ዛሬ እያንዳንዱን ቤት ታውቃላችሁ፤ ይህን ሥራ ከእናንተ የበለጠ የሚሠራው የለም።

አሁን ወደ መጨረሻው ነጥብ፤ ከቤት ስትነሱ ምን ታደርጋላችሁ?

የሚደርሰኝ የምርመራ ማዘዣ ወረቀት ብዙ ጊዜ «መርሳት፤ ሲቲ ይነሣ» ብቻ ይላል። ከዚያ ሌላ የለም። ከመቼ ጀምሮ? አላውቅም። በአንድ ሌሊት ነው በዓመት? አላውቅም። ባዶ ወረቀት ይዤ ምስል ሳነብ የማየው ይቀንሳል። ስለዚህ ወደ ጤና ጣቢያ ከመሄዳችሁ በፊት፣ ከቤት የሚጽፍ ልጅ ካለ በደብተር ላይ ይጻፍ። መጀመሪያ የተለወጠው ምን ነበር? መርሳት ነው፣ ጠባይ ነው ወይስ አካሄድ? ከመቼ ወዲህ? በዝግታ ነው በድንገት? ባለፉት ሦስት ወራት ወድቀዋል፣ ተመትተዋል? ሽንታቸው ያመልጣቸዋል? የሚውጡት መድኃኒት ምንድን ነው? የመድኃኒቱን ካርቶን ይዛችሁ ሂዱ። አረቄ ይጠጣሉ፣ ምን ያህል? ይህን አትሸፍኑ፤ ሐኪሙ ሊፈርድባቸው አይደለም።

መርሳቱ የመጣው በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ከሆነ፣ ትኩሳት ካለበት፣ ወይም አፍ ከጠመመ፣ እጅ ከሰነፈ፣ አንደበት ከተያዘ ይህ ሁሉ ወረቀት ይቆይ። በዚያው ሰዓት ውሰዷቸው።

ሲቲ ስካን ይበቃል ወይስ ኤምአርአይ? ብዙ ቤተሰብ፣ በተለይ ዲያስፖራ ልጅ ያለው፣ ውዱ ይሻላል ብሎ ሐኪም ሳያይ አዲስ አበባ ገብቶ ኤምአርአይ ያስነሣል። ዋሽንግተን ያለችው ልጅ ገንዘቡን የምትልከው ከፍቅር ነው፤ አውቃለሁ። ግን የቋጠረ ደም፣ ትልቅ እጢ፣ የበዛ ውኃ፣ የቆየ ትልቅ ስትሮክ በሲቲ ስካን ይታያል። ለአብዛኞቹ ሽማግሌዎቻችን አንድ ጊዜ በትክክል የታዘዘ ሲቲ ስካን ይበቃል። ኤምአርአይ የሚያስፈልገው ሐኪሙ በሲቲ ያልተመለሰ ጥያቄ ሲቀርበት ነው። ሐኪሙን እንዲህ ብላችሁ ጠይቁት፤ «ይህ ምስል ምን ቢያሳይ ሕክምናው ይለወጣል?» መልስ ካለው ሂዱ። ከሌለው በጉ አይሸጥ።

ማሽኑ ቦታ ስትደርሱ ደግሞ፣ ሲቲ ስካን ደቂቃዎች ብቻ ይፈጃል፤ አያምም። ኤምአርአይ ግን ግማሽ ሰዓት ያህል ጠባብ ቦታ ውስጥ መተኛት አለው፤ ድምፁም እንደ ከባድ መዶሻ ይመታል። አእምሯቸው የደከመ ሰው ይደነግጣሉ፤ ከተንቀሳቀሱ ምስሉ ይበላሻል። የሚያውቁት ሰው፣ ድምፁን የለመዱት ሰው አብሯቸው ይግባ፤ እግራቸውን ይዞ ያነጋግራቸው። ወደ ኤምአርአይ የሚገባው አስታማሚም ብረት ይዞ አይግባ። በአንገታቸው ያለውን ማተብ ፈርታችሁ አትቅሩ፤ ክሩ ችግር የለውም፣ የብር መስቀሉ ለዚያች ጊዜ ብቻ ይውለቅና ልጃቸው በእጁ ይያዘው። ግንባራቸው ወይም አንገታቸው ላይ ንቅሳት ያላቸው እናቶች ለባለሙያው ይናገሩ፤ ንቅሳት አለኝ ብሎ ከምርመራ መቅረት አያስፈልግም። ከሁሉም በላይ ግን በሰውነቱ ውስጥ ጥይት ወይም የቦምብ ፍንጣሪ የቀረበት የቀድሞ ወታደር ካለ፣ ልቡ ላይ መሣሪያ የተገጠመለትም ካለ፣ ወደ ኤምአርአይ ክፍል ከመግባቱ በፊት ይናገር። ማግኔቱ ብረትን ይስባል። ይህ አገር ብዙ ጦርነት ያየ ነው፤ ብዙዎች ፍንጣሪውን ረስተውታል። ቤተሰብ ያስታውስላቸው።

ስለ ጠበልም ልናገር፤ ሰው በልቡ ይዞት የተቀመጠ ጥያቄ መሆኑን አውቃለሁና። ጻድቃኔ ማርያም ወላጁን ይዞ የሚሄድ ሰው አይወቀስም። ካህናት አባቶቼን የምለምነው፣ ድንገት አእምሮው የተለወጠ ሽማግሌ ሲመጣላችሁ ከጸሎቱ ጋር «ሐኪም ዘንድ ሂዱ» እንድትሉ ነው። የእናንተ ቃል ከእኔ ቃል ይልቅ ይሰማል። የታዘዘ መድኃኒት ያላቸውንም አታስቋርጧቸው።

ምርመራው ተጠናቅቆ አልዛይመር ነው ቢባልስ? የሚያድን መድኃኒት እስካሁን የለም። ምልክቱን ለጊዜው የሚያቀልሉ አሉ። ውጭ አገር እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ የተፈቀዱ አዳዲስ መርፌዎች በሽታውን በመጠኑ ያዘገያሉ፤ እነሱም ክምችቱ በፔት ወይም በጀርባ ውኃ ምርመራ መረጋገጡን፣ ከዚያም በተደጋጋሚ ኤምአርአይ መከታተልን ይጠይቃሉ። ለኛ ዛሬ ያን ያህል አይቀርቡም። የሚቀርበው የቤት እንክብካቤ ነው። እሳት ካለበት ቦታ አርቋቸው፤ ደጁን ማታ ዝጉ፤ ሲሳሳቱ አትከራከሯቸው፤ የለመዱትን ሥራ፣ እንዝርትም ቢሆን፣ እጃቸው ላይ አቆዩላቸው። አብዛኛውን ጊዜ ይህ ሸክም የሚወድቀው በአንዲት ሴት ላይ ነው፤ በልጅ ወይም በምራት። እሷ እንቅልፍ አጥታ፣ በሽተኛዋን አጥባና አብልታ፣ ጎረቤት «ምን ሆና ከሳች?» ሲላት ትሰማለች። ወንድሞች ተራ ያዙላት። ሳምንት ውስጥ አንድ ቀን ወጥታ ገበያ ትሂድ፣ ቤተ ክርስቲያን ትሳም።

እ.ኤ.አ. በ2024 ላንሴት የሚባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን 14 መቆጣጠር የሚቻሉ ምክንያቶችን ዘርዝሮ፣ ሁሉም ቢወገዱ የመርሳት በሽታን 45 በመቶ ያህል መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻላል ብሏል። አሥራ አራቱን አልቆጥርላችሁም። እዚህ ያሉትን ልጥቀስ፤ የደም ግፊት፣ የቤት ውስጥ ጭስ፣ ያልታከመ ጆሮና ዓይን፣ ራስ መመታት፣ አረቄ መብዛት፣ ከትምህርት መቅረት፣ ብቸኝነት። ከእነዚህ አንዱም ማሽን የሚጠይቅ አይደለም።

ጥያቄያችሁን ከመቀበሌ በፊት አንድ ማስታወቂያ አለኝ። ከአዳራሹ ኋላ በኩል የጤና ጣቢያው ባለሙያዎች የደም ግፊት መለኪያ ይዘው ተቀምጠዋል። ከአርባ ዓመት በላይ የሆናችሁ ሁሉ ሳትለኩ እንዳትወጡ፤ ቁጥሩንም በወረቀት ጽፈው ይሰጧችኋል። አሁን ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ በዕድሜ የገፉ እናቶችና አባቶች ይቅደሙ።